የሚኒባሳችን ቬንትሌተር

ስለ ፈተና ውጤትና ስለ ወላጆች ቀን በዚህ መጽሔት ሌሎች ጽፈዋል። እኛ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ የምንጽፈው ስለ ሚኒባሳችን ነው። በግንቦት ወር ለምን እንደቆመ ብዙ ወላጆች ደውለው ጠይቀውናል። የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበር፤ ሙሉ ግን አልነበረም።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት ነው። ልጆቹ «አባባ» የሚሏቸው ሹፌራችን ቢሮ መጥተው፣ «ዳይሬክተር፣ የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ቬንትሌተሩ ደክሟል» አሉን። የተረፈን ገንዘብ ለአጥሩ ቀለም ተይዞ ነበር፤ የወላጆች ቀንም ደርሷል። «ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን» አልናቸው። (ቀለሙን የባሕሩ ጨው ከአሁኑ እያነሳው ነው።)

ጥቂት ቆይቶ ስልክ መደወል ጀመረ። ሹፌሩ በጅቡቲ ሙቀት ማሞቂያ ይከፍታሉ! ልጆቹ ላብ በላብ ሆነው ቤታቸው ይገባሉ! ጠርተን ተቆጣናቸው። እሳቸውም ማሞቂያው ከሞተሩ የሚመጣውን ሙቅ ውሃ ተቀብሎ ሙቀቱን እንደሚያስወጣ፣ ለሞተሩ እንደ ሁለተኛ ራዲያተር እንደሚያገለግል ሊያስረዱን ሞከሩ። እውነት ነበራቸው። እኛ ግን አልሰማናቸውም፤ «ከነገ ጀምሮ እንዳይከፍቱ» አልን። «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» ብለው ወጡ።

በግንቦት አንድ ቀን፣ ከትምህርት መልስ፣ ሚኒባሱ የአምቡሊን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ባልባላ ሲያቀና መንገዱ ተዘጋጋ። መርፌው ቀዩን አለፈ፤ ከፊት መቀመጫው ሥር እንፋሎት ወጣ። አሥራ አራት ልጆች ነበሩ። ሹፌራችን ሞተሩን አጥፍተው ልጆቹን አንድ ሱቅ ጥላ ሥር አስቀመጡ። የራዲያተሩን ክዳንም ማንም እንዳይነካ ከለከሉ፤ በግፊት የታመቀ ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃልና ክዳኑ ሲከፈት ፊት ላይ ይፈነዳል። አንድ የ2ኛ ክፍል ልጅ አስመለሰው። ሌላ ጉዳት አልደረሰም። እኛ በታክሲ ስንደርስ ልጆቹ ውሃ ጠጥተው ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር፤ ያ ዝምታ እስካሁን አለቀቀንም። ሹፌራችንን በዚያው ቦታ፣ ልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅናቸው።

አሮጌው ቬንትሌተር የሚዞረው በሞተሩ ኃይል ነው። መሃሉ ላይ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት የታሸገበት ፍሪሲዮን አለው፤ ሲሞቅ አጥብቆ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይለቃል። የእኛው ዘይቱ ፈስሶ አልቋል። መካኒኩ ሞተሩ ጠፍቶ ገና ትኩስ እያለ ክንፉን በአንድ ጣት ገፋው፤ እንደ መጫወቻ ዞረ። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዝለታል፤ መንገድ ሲዘጋ ግን የሚደርስለት አልነበረም። አዲስ ፍሪሲዮን ከውጭ እስኪመጣ ሳምንታት ይፈጃል ስለተባለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቬንትሌተር ለመጨመር ተስማማን።

ግን የት ይግባ? በራዲያተሩና በሞተሩ መካከል አራት ጣት እንኳ አይገባም። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ግን የአየር ማቀዝቀዣው ዕቃ ከዓመታት በፊት ስለተነሳ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ነበር። የተገኘው ቬንትሌተር ስፋቱ 30፣ ውፍረቱ 7 ሳንቲ ሜትር ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ካርቶን በክብ ቆርጠው፣ ደራርበው አጣብቀው የቬንትሌተሩን አምሳያ ሠሩ። ስናስገባው ጥሩምባውን መታ። ስለዚህ ቬንትሌተሩ ሳይወጣ በፊት ጥሩምባው ቦታ ተቀየረለት።

ዓርብ ጠዋት ሥራው ተጀመረ። በራዲያተሩ ስስ ክንፎች መካከል የፕላስቲክ ማሰሪያ አሳልፎ ማሰር ይቀላል፤ ንዝረቱ ግን ውሎ አድሮ ቱቦዎቹን ይበሳል። መካኒኩ ይህን አልፈለገም፤ ሁለት የብረት ላሜራ በሻንሲው ላይ አሰረና ቬንትሌተሩን በአራት ቡሎን ያዘው። ወደዚያ የሚገባው የረዳቱ ቀጭን እጅ ብቻ ነበር፤ እያየ ሳይሆን እየዳሰሰ ነው የሠራው። አንዱ ቡሎን አምልጦት ገባ። ከሳይንስ ክፍል ማግኔት አምጥተን፣ በክር አስረን ስናጠምድ አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በኤሌክትሪኩ በኩል ልጆቹ 12 ቮልትን በ10 አምፔር አባዝተው 120 ዋት አሉ፤ መካኒኩም ለዚህ የሚሆን ወፍራም ሽቦ፣ ሪሌና ፊውዝ አስገባ።

አመሻሽ ላይ ቬንትሌተሩ ሲነሳ ሁሉም አጨበጨበ። አንዲት ተማሪ ግን የደብተር ወረቀት ከፊቱ ያዘች። ወረቀቱ መሳብ ሲገባው ሸሸ። ለካስ የተገዛው ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ አየር የሚስብ ዓይነት ነው፤ ከፊት ሲሆን አየሩን ወደ ውጭ ይመልሳል፣ መኪናው ሲሮጥ ከነፋሱ ጋር ይጣላል። መካኒኩ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየረ። አሁን ወረቀቱ ተሳበ፣ ግን ልል ብሎ። ክንፎቹ ጎባጣ ስለሆኑ ወደ ኋላ ሲዞሩ አየር የመግፋት ኃይላቸው ይቀንሳል።

መሽቶ ነበር። «ይበቃል፣ ይሠራል እኮ» አልን።

«አይበቃም፤ ይውረድ» አሉ ሹፌራችን።

ዝም አልን። አራቱም ቡሎኖች ተፈቱ፣ ክንፉ በዘንጉ ላይ ተገልብጦ ተመለሰ፣ የረዳቱም እጅ እንደገና ገባ። በሁለተኛው ሙከራ ወረቀቱ ፍርግርጉ ላይ ልጥፍ ብሎ ቀረ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

እሑድ ከትምህርት መልስ ከፊት መቀመጫ ላይ አብረን ሄድን። አምቡሊ ላይ መንገዱ እንደ ልማዱ ተዘጋግቷል። መርፌው ከግማሽ ጥቂት አለፈ፤ ከሥራችን ሪሌው ቀጭ አለ፣ ቬንትሌተሩ ጮኸ፣ መርፌው ቀስ ብሎ ወረደ። ሹፌራችን ወደ እኛ ዞር ብለው፣ «ማሞቂያውን ልክፈት እንዴ?» አሉ። ከኋላ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ጮኹባቸው።