የሚታጠን ቆሻሻ ፍለጋ

ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ በመጣ ቁጥር አያቴን አንድ ነገር ያስጨንቃት ነበር፤ የሚቃጠል ቆሻሻ ማጣት።

የመንዝን ኑሮ የማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ግን የሚጣል ነገር የለም። ገለባው ለከብት ነው። እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ይገባል፤ ደጋው ላይ እንጨት ከየት ይመጣል? አመዱ ጓሮ ይደፋል። የበጉ ጸጉር ተፈትሎ ባና ይሆናል፤ ባናው ሲያረጅ የልጅ ልብስ፣ የልጅ ልብሱ ሲበጣጠስ የጥጃ መኝታ። እንግዲህ ለሚካኤል ምን ይታጠን?

ቀኑ ግን አይቀርምና ውርጩ ሳይለቅ ተነስታ ግቢውን ትጠርጋለች። ያለቀ መጥረጊያ፣ መጣፍ እንቢ ያለ ስልቻ፣ ከብት የናቀው ግርድ፤ ተሰብስቦ አንድ እቅፍ አይሞላም።

«እምዬ፣ ለምንድን ነው የምናቃጥለው?»

«በሽታውን ይዞልን እንዲሄድ ነዋ።»

«የምን በሽታ?»

«የኅዳር።»

«ኅዳር በሽታ አለው እንዴ?»

«አንተ ልጅ፣ ዝም ብለህ ታጠን!»

ዝም ብሎ መታጠን አልሆነልኝም። የደብሩን መሪጌታ ብጠይቅ «ጭስ እንደ ጸሎት ነው፣ ወደ ላይ ይወጣል» አሉኝ። ጤና ረዳቱ ደግሞ ለትንኝ ነው አለኝ። ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር፣ በኅዳር ውርጭ፣ ትንኝ! ትንኟ ብትገኝ ኖሮ እሳቱን ልትሞቅ ነበር የምትመጣው።

መልሱን ያገኘሁት አዲስ አበባ ገብቼ፣ መጻሕፍት ሳገላብጥ ነው። ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. የአውሮፓ መድፍ ዝም አለ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነት አበቃ። በዓለም የተዛመተው የኢንፍሉዌንዛ ሳል ግን ቀጠለ። በዚያው ወር ኢንፍሉዌንዛው አዲስ አበባን አጥለቀለቃት። ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው ረገፈ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው በመከራ ተረፉ። የከተማዋን ሟቾች 9,000 የሚሉም አሉ፣ ከ10,000 በላይ የሚሉም። በዓለም ዙሪያ «የስፔን ጉንፋን» ተባለ፤ ስፔን ከጦርነቱ ውጭ ስለነበረች ጋዜጦቿ ስለ በሽታው ሳይፈሩ ጻፉ፤ እውነቱን ስለተናገረች ስሙ ተለጠፈባት። የእኛ ሰው ግን አገርም አላስቀየመ፤ ወሩን ከሰሰና «የኅዳር በሽታ» አለው። ቆሻሻ ማቃጠሉም ከዚያ ክፉ ወር ጋር ተያይዞ፣ በሚካኤል ዓመታዊ በዓል ቀን ላይ «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ ጸና።

የአያቴ ጭንቀት የገባኝ ያኔ ነው። ይህ ሥርዓት የከተማ ልጅ ነው። ቆሻሻ የሚተርፈው ከተማ ነዋ! ማን ወደ መንዝ እንዳወጣው አላየሁም፤ ግምቴን ከጠየቃችሁኝ ግን ጨው ሊሸምት ወርዶ ወሬ ሸምቶ የተመለሰ ሰው ነው። ወሬውን አመጣ፤ ቆሻሻውን ማምጣት ረሳ።

ኅዳር ደግሞ ሚካኤልን ብቻ የያዘ ወር አይደለም። ገበሬው ገብሱን አጭዶ አውድማ ይለቀልቃል። በ6 ቁስቋም ትከበራለች፣ የጽጌ ጾም ባለቀ በማግሥቱ። በ14 የገና ጾም ቅበላ ነው፣ በ21 አክሱም ጽዮንን ታነግሣለች። መንግሥትም ወሩን አልተወውም፤ ሕገ መንግሥቱ ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸደቀ፤ ዕለቱም ኋላ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሆነ። ኢትዮጵያውያን አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤሎችም አምቦበር መንደር ሳሉ ኅዳር ግድም በሚውለው በዓላቸው፣ በስግድ ቀን፣ ጾመው ተራራ ይወጡ፣ ቄሶቻቸው ኦሪት ያነቡላቸው፣ ሲወርዱ በዳቦና በጠላ ይፈቱ ነበር። ዛሬ የሚወጡት ኢየሩሳሌም ነው፤ የእስራኤል ምክር ቤትም በ2000 ዓ.ም. ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ቀኑ በጨረቃ ስለሚቆጠር ይዋልላል፤ በ2018 ኅዳር 11 ላይ አረፈ። እነርሱ ስግዳቸውን ሲፈቱ እኛ ለሚካኤል ጥራጊ እንሰበስብ ነበር።

እኔም የምሰበስበው ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ነበር። ልጆቹ የከመሩት ቆሻሻ ቁመቴን ያህላል፤ ካርቶን፣ የተሰበረ ወንበር፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ። ከአራተኛ ፎቅ የወሎዋ ጎረቤቴ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የጫት ገረባ እየጎተተች ወረደች።

«ጋሼ፣ ሚካኤል ገረባ ይጸየፋል?»

«ኧረ በፍጹም! በሽታው መቼ ሃይማኖት ጠየቀ?»

«በሉ እንግዲያው የኔንም እጠኑልኝ» አለችና ከነማዳበሪያው ወረወረችው። ጭሱ ሁላችንንም እኩል አስለቀሰን።

አያቴ ይህን ብታይ መጀመሪያ የምትቀናው በቆሻሻው ብዛት ነበር። ቀጥላ ግን፣ አውቃታለሁ፣ እሳቱ ሳይደርስበት ካርቶኑን ታወጣው ነበር፤ ለጥጃ መኝታ ይሆናል ብላ።