የጥርስ መከላከያው

ተማሪዎች ሆይ፣ ቴኳንዶ ወይም ቦክስ ለመጀመር ያሰበ ሰው ገንዘቡን በቅድሚያ በምን ላይ ሊያወጣ ይገባዋል ብትባሉ፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ጓንቱን ወይም ነጩን ልብስ ትጠራላችሁ። እኔም የዚሁ አሳብ ተካፋይ ነበርሁ።

ከእኔ ጋር መካኒሳ የሚኖረው የእህቴ ልጅ፣ ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ሰለሞን ቱፋ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በቴኳንዶ ሲጋጠም በቴሌቪዥን ካየ ወዲህ፣ በሩን ሳይቀር በርግጫ መክፈት ጀምሮ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ብዙ በማይርቅ አዳራሽ ተመዘገበ። ልብሱን በልኩ አሰፋሁለት። የጥርስ መከላከያውን ግን፣ ልጆቹ «ማውዝ ጋርድ» የሚሉትን ማለቴ ነው፣ በተረፈችኝ ገንዘብ ከመርካቶ ገዛሁለት። ለማንኛውም አፍ እንዲሆን ተብሎ በመሠራቱ ለማንም አፍ የማይሆን ዕቃ ነበር።

«ጋሼ፣ ይወልቅብኛል» አለኝ።

«ነክሰህ ያዘው» አልሁት።

ሰው ሲደክም በአፉ መተንፈሱ አይቀርም፤ ተነክሶ የሚያዝ መከላከያም ያን ጊዜ ይወድቃል። አንድ ቅዳሜ ልምምዱን ለማየት ሄጄ ይህንኑ በዓይኔ አየሁ። መከላከያው ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አሠልጣኙ «ቁም!» ከማለቱ በፊት የባልደረባው እግር ከከንፈሩ ላይ አረፈ፤ አንድ የላይኛው የፊት ጥርሱም ከነሥሩ ወለቀ። እኔም ጥርሱን አንሥቼ በመሐረብ ፈግፍጌ ካጸዳሁ በኋላ በሶፍት ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ ከተትሁት።

የጥርስ ሐኪሙ ሶፍቱን ሲፈታ ራሱን ነቀነቀ። የወለቀ ቋሚ ጥርስ የሚያዘው በነጩ በኩል ነው፤ በሥሩ ላይ ያሉት ሕያዋን ሕዋሳት ከተፈገፈጉ ወይም ከደረቁ ይሞታሉና። ከቆሸሸ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቆ ወዲያው ወደ ቦታው መመለስ፣ ይህ ካልተቻለም በወተት ውስጥ አድርጎ፣ ቢዘገይ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ከሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል። ከአዳራሹ በር ላይ ወተት የሚሸጥ ሱቅ ነበር።

ሁለተኛውን መከላከያ ስንገዛ ተጠንቅቀን ነው። ሐኪም ከጥርስ ላይ ልክ ወስዶ የሚሠራው ከሁሉ ይበልጣል፤ ዋጋው ግን ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ስለዚህ በሙቅ ውሃ የሚለሰልሰውን መረጥን። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ነው፤ ይህም ፕላስቲኩን ለማለስለስ ይበቃል። በመግለጫው የተጻፈውን ያህል ጊዜ ነክረን ለአፍታ ካቀዘቀዝነው በኋላ፣ ልጁ በላይኛው ጥርሱ ላይ ገጥሞ ነከሰው፤ ከውጭ ከንፈሩን በጣቱ እየተጫነ፣ ከውስጥ አየሩን እየሳበ። የመጀመሪያው ሙከራ ተጣመመ፤ ደግመን ነከርነው።

ከዚያም አፉን በሰፊው እንዲከፍት ነገርሁት፤ አልወደቀም። የቆየ የመምህርነት ልማዴ አልለቀቀኝምና፣ ጋዜጣ ሰጥቼ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አዘዝሁት። «ሰ» እና «ዘ» ጥቂት ኮልተፍ አሉ፤ ቃሉ ግን ይሰማል፤ ትንፋሹም አልተቆረጠም። የፊተኛው ቢሆን ኖሮ ገና «አ» ሲል ከጋዜጣው ላይ ይወድቅ ነበር።

ልጁ ቀይ ቀለም ተመኝቶ ነበር። በቦክስ ውድድር ቀይ መከላከያ ክልክል ነው፤ የአፍ ደም ተለይቶ አይታይምና። በቴኳንዶም ነጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ እንዲሆን ይፈለጋል። ነጩን ይዘን ተመለስን።

ከእናንተ መካከል ጥርሱን በሽቦ ያሳሰረ ቢኖር፣ በሙቅ ውሃ የሚለሰልሰውን ከመሞከሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። የጓደኛን መከላከያ አትዋሱ። ፀሐይ ላይም አታስቀምጡት፤ ቅርጹን ይለውጣል። አንጎልን ከመናወጥ ያድናል ብላችሁም አትተማመኑበት፤ ሥራው ጥርስንና ከንፈርን መጠበቅ ነው።

ልጁ ዛሬም በማደግ ላይ ስለሆነ ልኩን በየዓመቱ እንፈትሻለን። ወደ ልምምድ ከመግባቱ በፊት ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ ይሰጠኛል፤ እኔም ክዳን ባላት ትንሽ ዕቃ አድርጌ በዚያው ኪሴ እይዝለታለሁ።