አውራው ንግሥት ሆነች

ልጅዎ ሲያርምዎ ምን ይሰማዎታል? እኔ እቆጣ ነበር። «ከእኔ ልታውቅ ነው?» የምትለው ቃል ከአፌ አትጠፋም ነበር። ባለቤቴ ብዙ ጊዜ መክራኛለች፤ አልሰማኋትም። የሰማሁት በአባቴ የንብ ቀፎ አጠገብ ነው።

በ2013 ዓ.ም. መስከረም፣ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት እንደተዘጉ፣ ሁለቱን ልጆቻችንን ይዘን ከአዲስ አበባ አባቴ ወደሚኖሩበት ወደ ፈረስ ቤት ሄድን። አገሩ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። የከተማ ልጆች ነፍሳትን የሚያውቁት በፍሊት ሲገደሉ ነው። ወንዱ ልጄ ንብ ገና ሲያይ ሊመታት ጫማውን አወለቀ። አባቴ እጁን ያዙት።

«ዝም ብለህ ቁም። ብትወጋህ መውጊያዋ ሥጋህ ውስጥ ይቀራል፤ እሷም ትሞታለች። በከንቱ አትዋጋም» አሉት።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ከቀፎው ራቅ አድርገው እያስቀመጡ ያስተምሯቸው ጀመር። በእግራቸው የአበባ ዱቄት ተሸክመው የሚገቡትን፣ በር የሚጠብቁትን፣ መውጊያ የሌላቸውን ድንጉላዎች አሳዩአቸው። ማር ሲቆረጥ ንቦቹን በኩበት ጢስ እንደሚያበርዱ፣ ለእነሱም ስንቅ እንደሚተውላቸው ነገሯቸው።

አንድ ቀን፣ «ይህን ሁሉ ሠራዊት የሚመራው አውራው ነው። እሱ ከሄደ ሁሉም ይከተለዋል» አሉ።

የ10 ዓመቱ ልጄ ቀበል አድርጎ፣ «አባባ፣ አውራው እኮ ወንድ አይደለም። ንግሥት ናት፤ እንቁላል የምትጥለው እሷ ናት» አላቸው።

ደነገጥኩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ከንብ ጋር የኖሩ ሰው! ዓይኔን አፈጠጥኩበት። አባቴ ግን ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንዴት አወቅህ?» ሲሉ ጠየቁት። በጥሩ ወቅት በቀን ከ1000 በላይ እንቁላል እንደምትጥል ከመጽሐፍ ያነበበውን ነገራቸው።

«እንግዲያ እናታቸው ናታ! ለካ ለዚህ ነው የሚከተሏት» ብለው ከልባቸው ሳቁ። ለጎረቤቱም ሁሉ «የልጅ ልጄ አስተማረኝ» እያሉ አወሩ።

በኋላ እንዳነበብኩት፣ ታላቁ ፈላስፋ አርስቶትል እንኳ ንግሥቲቱን ንጉሥ ብሏት ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንዱ ተመራማሪ ያን ስዋመርዳም በአጉሊ መነጽር መርምሮ እንቁላል የምትይዝ ሴት መሆኗን አሳየ።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጄ ያንን ለእኔ ቢናገር ኖሮ ዝም አሰኘው ነበር። ስንት ጊዜስ ዝም አሰኝቼዋለሁ? ሲነጋ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁት።

«ለምኑ?» አለኝ።

«ስላላዳመጥኩህ» አልኩት። መልስ ሳይሰጠኝ አንገቴን አቀፈኝ።

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 6 ሰነፉን ሰው ከገብረ ጉንዳን እንዲማር ይልከዋል። ከጉንዳን ለመማር ዝቅ ማለት ከተገባን፣ ጌታ በአደራ ከሰጠን ልጅ ለመማርማ እንዴት አይገባን!

አባቴ ዛሬ በሕይወት የሉም። በቤታችን ግን ከእኛ አንዱ ሲታረም «አውራው ንግሥት ሆነች» እንባባልና እንስቃለን። እርስዎም ዛሬ ማታ ልጅዎ ሲያርምዎ ከመቆጣትዎ በፊት «እንዴት አወቅህ?» ብለው ይጠይቁት።