አደይ አበባና የእማማ ቤት

በክረምት ማለቂያ በሐረር ጀጎል ቀጫጭን መንገዶች የሚመላለስ ሰው፥ አንዱን ቤት ነጭ፥ አንዱን ሰማያዊ፥ ሌላውን አረንጓዴ ሆኖ ያገኘዋል። ጀጎል በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የታጠረ፥ አምስት በሮች የነበሩት ጥንታዊ ከተማ መሆኑን፥ በ1998 ዓ.ም.ም በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን በትምህርት ቤታችን ሁላችንም ተምረናል። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ቤት፥ ስለ አንድ እቅፍ አበባና ሳልፈጽመው ስለ ቀረሁት ቃል ነው።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አሮጊት አሉ። እኛ ልጆች «እማማ» እንላቸዋለን። ቤታቸው የጥንት የሐረር ቤት ነው። ሲገቡ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩት መደቦች፥ በግድግዳው ላይ የተደረደሩት የስፌት ዕቃዎችና በቀይ አፈር የተለቀለቀው ወለል ይታያሉ። ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው እየተባለ ይነገራል። የግቢው ግድግዳ ግን ሰማያዊ ነው። ዝናብ በላጠው ቦታ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፥ ከአረንጓዴው ሥር ነጭ ብቅ ይላል። የብዙ ዓመት ቀለም እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦበታል።

ባለፈው ዓመት ለልጅ ልጃቸው ሠርግ ቤቱ ሊቀባ ሆነ። ልጆቻቸው ሩቅ አገር ስለሆኑ፥ «እማማ፥ አይጨነቁ፤ ቅዳሜ ጠዋት እኔ መጥቼ እቀባለሁ» አልኋቸው። እርሳቸውም መርቀውኝ ዓርብ ማታ ኖራውን በውሃ ዘፈዘፉ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞቼ ለእንቁጣጣሽ አደይ ልንለቅም እንውጣ ብለው ጠሩኝ። «ቶሎ እመለሳለሁ» ብዬ ሄድሁ። ሜዳው ቢጫ ለብሶ ነበር፤ ስንሮጥና ስንጫወት ቀኑ መሸ። ቃሌ ትዝ ያለኝ ከከተማው በር ስደርስ ነው። ይሁን እንጂ የያዝሁት አበባ የሚያስታርቀኝ መስሎኝ በድፍረት ገባሁ።

እማማ በርጩማ ላይ ቆመው ብሩሹን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። እጃቸው እስከደረሰበት ድረስ ግድግዳው እንደ ሰማይ በርቷል፤ ከዚያ በላይ ያለው እንደ ተላጠ ቀርቷል። ነጠላቸው በኖራ ተረጭቷል። በግቢው ጥግ ደግሞ ማንም ያልዘራው አደይ አብቧል። ባለፈው መስቀል ያመጣሁላቸው፥ ሲደርቅ እዚያ የተጣለው አበባ ዘሩን ጥሎ ኖሯል።

አበባውን ዘረጋሁላቸው። አልተቆጡኝም። ወደ ጥጉ እያመለከቱ፥ «ልጄ፥ አበባውማ ራሱ መጥቷል፤ ኖራው ግን ሰው አምጡልኝ ይላል» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መሰላል ተሸክሜ ሄድሁ። እስከ ቀትር ድረስ የላይኛውን ግድግዳ ቀባሁ፤ እርሳቸው ከታች ሆነው የሳትሁትን ያሳዩኛል። ሠርጉ በደረሰ ጊዜ ሰማያዊው ግድግዳ ከቢጫው አደይ ጋር ሆኖ ያየውን ሁሉ አስደሰተ። እንግዶቹ «እንዴት ያለ ውብ ቤት ነው!» ሲሉ እማማ ወደ እኔ ተመልክተው ፈገግ አሉ፤ እኔ ግን በርጩማውን እያሰብሁ አቀረቀርሁ።

ጥቅምት ሲጋመስ አደዩ ደረቀ። ዘሩ መሬት ላይ ወድቆ የሚመጣውን ዝናብ ይጠብቃል፤ ማንም ባያስበው በጊዜው ይመለሳል። ቤት ግን እንዲህ አይደለም። አያቶቻችን ያቆዩልን ቀለም በየዓመቱ የሚታደሰው እጅ ሲገኝ ብቻ ነው። የእማማ እጅ ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት እየዛለ ይሄዳል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ ዘንድሮም አደይ ልንለቅም መውጣታችን አይቀርም። እኔ ግን አስቀድሜ ኖራውን እዘፈዝፋለሁ።