ወተት ውስጥ ሆርሞን አለ ወይ?

በማስተማር ልምምድ ወቅት ሁለታችን በአንድ የ6ኛ ክፍል ውስጥ እየተጋገዝን ሳይንስ እናስተምር ነበር። ስለ ተመጣጣኝ ምግብ አስረድተን እንደጨረስን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ወተት ሆርሞን አለው፤ ሴት ልጅን ያለ ዕድሜዋ ያደርሳል ይባላል። እናቴ ለታናሽ እህቴ ወተት መስጠት ትታለች። እውነት ነው?»

እኛም «ኧረ ወዲያ! ወተት ውስጥ ሆርሞን የሚባል ነገር የለም» ብለን መለስን። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጅቱም አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች።

ማታ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ስናነብ ግን ማፈር የሚገባን እኛው ሆነን ተገኘን። ሆርሞን አለ! በላሚቱ ደም ውስጥ ካሉት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ከፊሉ ወደ ወተቷ ያልፋል። በዘመናዊ እርባታ ላም ካረገዘች በኋላም ለመውለድ 2 ወር ገደማ እስኪቀራት ትታለባለች፤ እርግዝናዋ በገፋ መጠን የወተቱ ኢስትሮጅን ይጨምራል። እነዚህ ሆርሞኖች በስብ ውስጥ ስለሚሟሙ ከአሬራ ይልቅ በቅቤ ይበዛሉ።

ታዲያ ይጎዳሉ ወይ? እዚህ ላይ መጠኑን መመልከት ያሻል። የአዋቂ ሰው አካል ራሱ በቀን የሚያመነጨው ኢስትሮጅን በአንድ ብርጭቆ ወተት ካለው እጅግ ይበልጣል። ከጠጣነውም አብዛኛውን ጉበት ይሰባብረዋል። ከፕሮቲን የተሠሩት ሆርሞኖች ደግሞ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን በጨጓራና በአንጀት ይፈጫሉ።

ይሁን እንጂ ነገሩ በዚህ አልተዘጋም። ወተት የሚያዘወትሩ ሰዎች ደም ውስጥ አይጂኤፍ-1 የተባለው የዕድገት ሆርሞን በመጠኑ ከፍ ይላል። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ግምገማ፣ የወተት ተዋጽኦ የትልቁን አንጀት ካንሰር ሳይቀንስ እንደማይቀር ገልጿል፤ የፕሮስቴት ካንሰርን ያባብሳል ለሚለው ግን ማስረጃው ውሱን ነው ብሏል። ያለ ዕድሜ መድረስን በተመለከተም የተደረጉት ጥናቶች ውጤታቸው የተለያየ በመሆኑ ወተትን ጥፋተኛ ለማለት አያስደፍሩም። ጥርጥር የሌለበት አደጋ ያለው ባልፈላ ወተት ላይ ነው፤ ብሩሴሎሲስና የከብት ነቀርሳ በዚያ ይተላለፋሉ።

በማግስቱ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመን «ትናንት የተሳሳትነው እኛ ነን» አልን። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ልጅቱ «እንግዲያው እናቴን ምን ልበላት?» ስትል ጠየቀች። «ሆርሞን መኖሩ እውነት ነው በያት፤ መጠኑ ግን ጥቂት ነው። ለእህትሽ ፕሮቲኑና ካልሲየሙ እንዳይቀርባት ወተቱን አፍልታ ትስጣት» አልናት።

ልምምዱ ስላለቀ እህቲቱ ወተቷን ታግኝ አታግኝ ሳንሰማ ተመለስን። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨናል። ውድ ዕጩ መምህራን፣ ከጥቁር ሰሌዳ ፊት የምንጥላት አንዲት ቃል ከሰው ማጀት ድረስ ትዘልቃለችና፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም!