የኒዌ ሁለት ዶላር

እናንተዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ብር ስይዝ፣ እውነተኛ ብር የሆነ ብር ስይዝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለምርቃቴ የላከችልኝ ሳንቲም ነው። በአንዱ ፊት ንግሥት ኤልሳቤጥ፣ በሌላው የስታር ዋርሱ ዳርዝ ቬደር! «ኒዌ፣ 2 ዶላር፣ 2011» ይላል።

አያቴ አገላብጠው አዩትና «ሰዎቹ ዳቦ ይገዙበታል?» አሉኝ። የድሮው ማርትሬዛም የሰው አገር ንግሥት መልክ ነበረበት፤ ግን ከብት ተገዝቶበታል።

አይገዙበትም እማማ። ኒዌ ደቡብ ፓስፊክ ላይ ያለች፣ ከ2,000 ያነሰ ሰው የሚኖርባት ደሴት ናት። የሚገበያዩት በኒውዚላንድ ዶላር ነው። ይሄን ሳንቲም እ.ኤ.አ. በ2011 አውጥቶ ለሰብሳቢዎች የሸጠው ኦክላንድ ያለ የግል ድርጅት ነው። ኒዌ ስሟን ትሰጣለች፣ ለስሟ ይከፈላታል። በሕግ ገንዘብ ነው፤ ግን 31 ግራም ብር በ2 ዶላር የሚመነዝር ማን ሞኝ አለ?

እኔማ ሳቅሁ። ስሟን አከራይታ የምትኖር አገር!

በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ደወለልኝ። ስለ አንድ ድርጅት ተጽፎ ያለቀ «ዜና» አለ፤ የጎደለው የጋዜጠኛ ስም ብቻ ነው። ክፍያው የሁለት ወር የቤት ኪራዬን ይችላል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወዲያው እምቢ አላልኩም። «ኒዌ ያደረገችውን እኔ ባደርግ ምን አለበት?» እያልኩ ሁለት ቀን ከረምኩ።

በሦስተኛው ቀን ሳንቲሙን ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት። 31 ግራም ከምናምን። ንጹሕ ብር።

ነገሩ እዚህ ጋ ተገለጠልኝ። የኒዌ ስም ባለበት ሳንቲም ውስጥ የተባለው ብር አለ። ገዢው ኒዌ የት እንዳለች ባያውቅም አልተታለለም። የኔን ስም የሚያይ አንባቢ ግን የሚያምነው «ሄዳ፣ ጠይቃ፣ አጣርታ ጻፈች» ብሎ ነው። ያልሄድኩበትን፣ ያልጠየቅሁትን ጽሑፍ ሚዛን ላይ ቢያወጡት ስንት ግራም ይመጣል?

ሰውየውን «ይቅርብኝ» አልኩት። ኪራዩ ግን አልቀረልኝም፤ አከራዬ ትናንትም አንኳኩተዋል። አያቴ «ሽጪውና ተገላገይ» ይላሉ። ለጊዜው አልሸጥኩትም። ወሩ ካለቀ ግን ዳርዝ ቬደር፣ ይቅርታ አድርግልኝ፣ ቻው ነው።