አፈወርቅን ወደ ብራናው የመለሰው መስታወት

እዚህ ዘመሮ ሥዕል የሚሞክሩ ልጆች በተገናኘን ቁጥር የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ «የራሴ የምለው አሣሣል መቼ ይመጣልኛል?» መልሱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። የአንኮበሩን ልጅ የዕድሜ ልክ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ማየት ነው።

የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። ገና በጉርምስናቸው እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ልባቸው ግን ወደ ሥዕል አደላ። ለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ሥዕል፣ ቅርጻ ቅርጽና ሥነ ሕንጻ አጠኑ። ያ ትምህርት ጥላንና ብርሃንን እያዋሃዱ የሰውን ፊት በሸራ ላይ ማቆምን አስተማራቸው። በእኔ እይታ ግን የምናውቀው አፈወርቅ ገና አልተወለደም ነበር።

የለወጣቸው መስታወት ነው። በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ያሉትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች አጠኑ፣ የባለቀለም መስታወት ጥበብንም ተማሩ። ከዚያ በ1953 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባለው በአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው ባለ ሦስት ክፍል የመስታወት ሥራ መጣ፤ የአፍሪካ ትናንት፣ ትግሏና ነገዋ። በመጨረሻው ክፍል ችቦ ያነሣ ሰው ከፊት ይታያል፣ ከበስተኋላው በየአገሩ ልብስ ያጌጡ አፍሪካውያን።

መስታወት ሰዓሊውን ያስገድደዋል። በዘይት ቀለም እንደሚደረገው አንዱን ቀለም ከሌላው እያሸህ ማለስለስ አትችልም። እያንዳንዱ ቀለም ለብቻው የተቆረጠ ቁራጭ ነው፤ ቁራጩን ከቁራጭ የሚለየውም የሚያይዘውም ጥቁር መስመር ነው። ይህ እኮ የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ሕግ ነው! ድፍን ቀለም፣ ዙሪያውን ጥቁር መስመር። ለንደን ያስረሳቸውን የደብተራ እጅ ፈረንጅ መስታወት መለሰላቸው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ በሸራ ሲሠሩም ብርሃኑ እንደ መስታወት ከኋላ የሚመጣ ይመስላል፤ ሰያፍ መስመሮች ሰማዩንና ልብሱን እየቆራረጡ ያልፋሉ።

አንዳንዶች አፈወርቅ ራሳቸውን ደገሙ ይላሉ። ሰዓሊው ገብረክርስቶስ ደስታ የሰውን ቅርጽ እስከ መተው ሄደ፣ እስክንድር ቦጎሲያን በፓሪስና በአሜሪካ ሌላ ዓለም ፈጠረ፤ እሳቸው ግን ከአንድ መስመር አልወጡም እየተባለ። እውነት አለው፤ በአንዳንዶቹ የአደባባይ ሥራዎቻቸው መልእክቱ ከቀለሙ ይከብዳል። ቢሆንም አንድን ግኝት ሦስት መንግሥት ሲያልፍ አጥብቆ ይዞ ማጥራት ስንፍና አይደለም። ከስድሳ ዓመታቸው በኋላ በፈረንሳይ ቢያሪትዝ የተሸለሙበት ሥዕል ስለ ጽዋና ስለ መስቀል የተሠራ ነው። ልጅነታቸው ከሚያውቀው ነገር ማለት ነው። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ሠሩ።

አፍሪካ አዳራሽ ታድሶ በጥቅምት 2017 ተመርቋል፤ አዲስ አበባ ጉዳይ ያላችሁ ልጆች እንድትጎበኙት እለምናለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን በየደብራችሁ ሥዕል ያለበት ተአምረ ማርያም ካለ ካህናቱን አስፈቅዳችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩ። መስመሩ የት እንደሚወፍር፣ የት እንደሚቀጥን፣ ቀለሙ የት ላይ እንደሚቆም ልብ በሉ፤ ከቻላችሁም በእርሳስ ገልብጡት።